ከሲሚንቶው በታች ያለው ሥራ የማን ነው?

ሰው ማንም የማያይበትን ሥራ አሳምሮ የመሥራት ግዴታ አለበትን? ይህ ፈላስፎች ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ከመጽሐፍ መደርደሪያ አውርደን ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ደጃፍ ላይ አግኝተነው ነው። የምንነጋገረው በረንዳ ስለ ማስፋትና ለዚህም ሥራ ግንበኛ በኮንትራት ስለ መያዝ ነው። ጉዳዩ ለጽሑፍ የማይበቃ ተራ ነገር መስሎ የሚታያችሁ አንባብያን ብትኖሩ ጥቂት ታገሡን። አብዛኛዎቻችን በዕድሜያችን ድልድይ ወይም ፋብሪካ አናሠራም። ሆኖም ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማናውቀው ሰው አምነን የምንሰጠው ቤት ስናሠራ ወይም ስናድስ ነው። ስለዚህ መተማመን የሚባለው ታላቅ ነገር በእኛ ኑሮ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ትንሽ ሥራ ላይ ነው።

በረንዳው ለምን ይሰፋል?

በረንዳ ምን እንደ ሆነ ለደሴ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ቡና የሚፈላው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ልጅ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጠው፣ እንግዳ የሚሸኘው በረንዳ ላይ ነው። ቤተሰብ ሲበዛ፣ ልጅ ሲዳር ወይም ለቅሶ ሲደርስ ቤቱ ሳይሆን በረንዳው ይጠባል። በክረምትም ግቢው በጭቃ ሲላቁጥ ከደጃፍ እስከ ኩሽና በደረቅ እግር መሄድ ለእናቶቻችን ትልቅ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ ባገኙ ጊዜ በረንዳውን ማስፋት ቢያስቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ የምንኖርበት አገር ለዚህ ሥራ ቀላል አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት የተሠራች ከተማ ናት። በተዳፋት ላይ በረንዳ ለማስፋት መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ወገን በአፈርና በድንጋይ መሙላት ግድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ ዝናቡ ያንን ሙሌት ይፈትነዋል። ሀረጎን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ የምናገኛት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱና ነፋሱ ነው፤ የፈሰሰው ኮንክሪት ጉልበት ሳያገኝ ፊቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንግዲህ በአንዱ ከተማ ውሃው ሲበዛ፣ በሌላው ውሃው ሲያንስ ሥራው ይበላሻል። በሁለቱም ዘንድ የሥራውን ልክ የሚያውቀው ግንበኛው ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው የመጨረሻውን መልክ ብቻ ነው።

የሚታየውና የማይታየው

4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ አዲስ በረንዳ እናስብ፤ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። ሥራው በደንብ ከተሠራ መጀመሪያ ለስላሳው አፈር ይነሣል። ከዚያ ሙሌቱ በአንድ ጊዜ ሳይደፋ በስስ ንብርብር እየተጨመረ፣ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ ይደረደራል፤ በአገራችን የተለመደው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በድንጋዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይፈስሳል። ውሃው እንዳይቆም ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘነብላል። በመጨረሻ ሊሾው ይሳባል። እንግዲህ ባለቤቱና እንግዳው የሚያዩት ሊሾውን ብቻ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ከተሸፈነ በኋላ በዶማ ካልተሰበረ በቀር አይታይም።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። 20 ካሬ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሆናል። አንድ ሣጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ አራት ሣጥን ጠጠር በሚባለው ልክ ከተቦካ 13 ያህል የግማሽ ኩንታል ከረጢት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ግንበኛው ውፍረቱን ከ10 ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ቢያወርደው ከሲሚንቶው 2 ከረጢት ተኩል ያህል ይተርፈዋል፤ አሸዋውና ጠጠሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጎደለው ሁለት ጣት የማይሞላ ነገር ነው። ነገር ግን የወለል ጉልበት የሚቀንሰው እንደ ውፍረቱ አይደለም። ውፍረቱ በአምስተኛ ሲያንስ ወለሉ መታጠፍን የሚቋቋምበት ኃይል ከሲሶ በላይ ይወድቃል። ግንበኛው ትንሽ ሰረቀ ብንል እንኳ ባለቤቱ የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል።

ሌላም አለ። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ለአካፋ ይቀላል፤ በቶሎም ይዘረጋል። ሠራተኛው ሲደክመው “ውሃ ጨምርበት” የሚባለው ስለዚህ ነው። ዳፍ አብራምስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ግን ውሃው ከሲሚንቶው ልክ በላይ በጨመረ ቁጥር የደረቀው ኮንክሪት ይደክማል። ይህም አይታይም፤ እንዲያውም በውሃ የቀጠነው ያን ቀን ከሌላው ይልቅ የለሰለሰና ያማረ ይመስላል።

የጊጌስ ቀለበት

ፕላቶን “ሪፐብሊክ” በተባለው መጽሐፉ፣ ከ2,300 ዓመት በላይ በፊት፣ ጊጌስ ስለሚባል እረኛ የሚነገር ታሪክ አስፍሮአል። እረኛው ሲያዞረው ከሰው ዐይን የሚሰውር ቀለበት አገኘ፤ በእርሱም ኃይል ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ወሰደ። ጥያቄውም፦ ጻድቅ የተባለው ሰው ያንን ቀለበት ቢያገኝ ጻድቅ ሆኖ ይቀራልን? ወይስ ሁላችንም ደግ የምንሆነው ስለምንታይ ብቻ ነው? የሚል ነው።

በእኛ ከተማ ይህን ቀለበት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሲሚንቶ ራሱ ቀለበቱ ነው። አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሰውራል። ግንበኛው ድንጋዩን ሳይደረድር አፈሩ ላይ ቢያፈስ፣ ሙሌቱን ሳይጠቀጥቅ ቢያልፍ፣ በዚያ ቀን ማንም አያውቅበትም። ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ተመስግኖና ተመርቆ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን ደኅና አድርጎ ይሠራል? እንዳይያዝ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ይህ መልስ አያጠግብም፤ ብዙ ጊዜ አይያዝምና። የእኛ መልስ ይህ ነው፦ ሥራ ከሠሪው ዐይን አይሰወርም። ሌላው ሰው ባያይ እርሱ ያያል፤ የሠራውም ነገር እርሱን መልሶ ይሠራዋል። ዛሬ ድንጋይ የሰረቀ እጅ ነገ ድንጋይ ሲደረድር ያው የለመደው እጅ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰውየው ግንበኛ ሳይሆን ለሳኝ ብቻ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። የሚያውቀው መሸፈንን ነውና።

በአገራችን ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በወሎ፣ በላስታ፣ የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ሊያይ የሚሄድ ሰው ሁሉ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ከላይ ቆሞ ያደንቃል። ዩኔስኮም በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦአቸዋል። ነገር ግን በየግቢው የተፈለፈለውን የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያደንቅ ጎብኚ ስንት ነው? ከመሬት በታች የተፈለፈለ ግቢ ቦይ ባይኖረው በየክረምቱ ኩሬ በሆነ ነበር። ቦዩን የፈለፈለው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራውም ለዐይን አይስብም። ቢሆንም ሌላው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ርካሹን ዋጋ የጠየቀው ማን ነው?

እስከዚህ ድረስ ያልነው ለግንበኞች ብቻ የተጻፈ ተግሣጽ ይመስላል። እዚህ ላይ ብንቆም ግን ግማሹን እውነት ብቻ ተናግረን እንቀራለን። ባለቤቱንስ ማን ይጠይቀዋል?

እንበልና ከደሴ ተዳፋት ሠፈሮች በአንዱ አንዲት እናት ይኖራሉ። ልጃቸው ዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች የላከችውን ገንዘብ አጠራቅመው በረንዳ ሊያሰፉ ያስባሉ። አንዱ ግንበኛ መጥቶ ቦታውን በእግሩ እየመታ ካየ በኋላ፦ “እማማ፣ ይኼ ሙሌት ይፈልጋል፤ ድንጋይም ይበላል። ክረምት ሳይገባ ብንጀምር ይሻላል። ዋጋው ይኼን ያህል ነው” ይላቸዋል። ሁለተኛው ይመጣና አንድ ሦስተኛ ቀንሶ፦ “አይዞዎት እማማ፣ በሦስት ቀን አጠናቅቄ አስረክብዎታለሁ” ይላል። እናት ሁለተኛውን ይይዛሉ። ጎረቤትም “ብልኅ ናቸው፣ ገንዘብ አያባክኑም” ብሎ ያመሰግናቸዋል።

አሁን እንጠይቅ፤ ያ አንድ ሦስተኛ ከየት መጣ? ሲሚንቶ ለሁለቱም ግንበኞች በአንድ ሱቅ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሲንር ያየን ሁሉ እንደምናስታውሰው ለድኻም ለሀብታምም ዋጋው አልራራም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ትልቁ የለሚ ፋብሪካ ቢመረቅም ሲሚንቶ በነጻ የሚያገኝ ግንበኛ የለም። እንግዲህ የተቀነሰው ገንዘብ የሚመጣው ከአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ከውፍረቱ፣ ከድንጋዩና ከሙሌቱ፣ ከቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ፣ ወይም ከግንበኛው ከራሱ ጉሮሮ። አምስተኛ ቦታ የለም። ውሸቱ በዋጋው ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር አስረድቶአል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆኖአል። ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅ፣ ገዢ ግን መልካሙን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው፣ ገዢው ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ መልካሙን ዕቃ የያዘው ሰው ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። በእኛ ከተማም ድንጋይ የሚደረድረው ግንበኛ ሥራ ሲያጣ፣ የሚሸፍነው ግንበኛ ሲበዛ፣ ይህን ያመጣው የግንበኞች ክፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። “በስንት?” ብለን ጠይቀን “ከሥሩ ምን አለ?” ብለን ያልጠየቅነው ሁላችን ያመጣነው ነው።

ይህን ስንል የሁለቱን በደል እኩል አናደርግም። ያታለለው ያው አታላዩ ነው፤ የእናት አለማወቅ የእርሱን ጥፋት አያጥብለትም። ነገር ግን አለማወቅና ለማወቅ አለመፈለግ ይለያያሉ። ያልተማሩ እናት አለማወቃቸው ያሳዝናል። የተማርነው ልጆቻቸው ግን ዋጋው ለምን እንደ ረከሰ እያወቅን ዝም ስንል አለማወቅ አይባልልንም።

ውሉ የሁለት፣ ሥራው የአራት

በውሉ ወረቀት ላይ የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። በሥራው ላይ ግን ሌሎች ሁለት አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሦስተኛው የቀን ሠራተኛው ነው። ጠዋት አካፋውን ይዞ በመንገድ ዳር ሥራ የሚጠብቀው፣ ባሬላ የሚሸከመው፣ አሸዋና ውሃ የምታመላልሰው እኅት ናቸው። ብዙ ባለቤቶች “እኔ የተዋዋልኩት ከግንበኛው ጋር ነው፤ የእነርሱ ሒሳብ የእርሱ ነው” ይላሉ። በውል ረገድ ልክ ሊሆን ይችላል። በኅሊና ረገድ ግን በግቢያችን ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ማታ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ “አይመለከተኝም” ማለት አይቻልም። በሙሴ ሕግ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈል የታዘዘው ያለ ነገር አይደለም፤ የቀን ሠራተኛ እራቱ በዚያ ቀን ደመወዝ ላይ ነው። ለግንበኛው ነገ የሆነው ነገር ለእርሱ ዛሬ ማታ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ለግንበኛው በጊዜ ካልከፈለ፣ ወይም ዋጋውን ከልኩ በታች ካወረደ፣ ጉድለቱ መጨረሻ የሚያርፈው ከሁሉ በታች ባለው ሰው ላይ ነው።

አራተኛው ከታች ያለው ጎረቤት ነው። አፈር የነበረ ግቢ ዝናብ ሲዘንብ ጥቂቱን ይጠጣል። ሲሚንቶ የተደረገ ግቢ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያወርዳል። በአንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከ20 ካሬ ሜትር በረንዳችን 400 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህም ማለት 20 ጀሪካን ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሃያ ጊዜ ተሸክመን በጎረቤታችን አጥር ላይ ብንደፋ ሠፈሩ ሁሉ ይሰበሰብብን ነበር። በረንዳችን ሲደፋው ግን ማንም አይናገረንም። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ከተማ፣ ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ በሆነበት፣ ይህ ውሃ የሰው ግድግዳ ሥር ገብቶ ያለሰልሳል። ከዚያም አልፎ መሬት መንሸራተት በተዳፋቶቻችን የታወቀ ሥጋት ነው። ውሃው የጎረቤቱን ስም፣ ሃይማኖቱንም አይጠይቅም። በአንድ ዕድር የምንቀበርና በአንድ በር የምንወጣ የወሎ ሰዎች የራሳችንን ደጃፍ ለማድረቅ የሌላውን ጓዳ ማርጠብ አይገባንም።

“አቅም የለንም” ለሚሉ

እዚህ ላይ ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚነሡ እናውቃለን።

አንደኛው፦ “እናንተ የምትሉት ለባለጸጋ ነው፤ ድኻ ርካሹን ባይመርጥ ምን ያድርግ?” የሚል ነው። መልሳችን፦ ያንሳል እንጂ አይጉደል ነው። ገንዘቡ ለ20 ካሬ ሜትር ሙሉ ሥራ ካልበቃ 12 ካሬ ሜትር ሙሉ ሥራ ይሠራበት፤ የቀረው ለከርሞ ይቆይ። ያነሰ በረንዳ ሊቀጠል ይችላል። የጎደለ በረንዳ ግን ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ያን ጊዜ የማፍረሻውም ዋጋ ይጨመራል። ድኻ ሁለት ጊዜ ለመሥራት አቅም የለውም።

ሁለተኛው ከግንበኛው ወገን ነው፦ “እኔም ልጆች አሉኝ፤ እውነተኛውን ዋጋ ብናገር ሥራው ለሌላ ይሰጣል።” ይህ ከባድ እውነት ስለ ሆነ አንንቀውም። ሆኖም አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቀጭን ወለል መሥራት በደል አይደለም፤ ቀጭኑን ወፍራም ነው ብሎ መሸጥ ነው በደሉ። ግንበኛው ሁለት ዋጋ ሊያቀርብ ይችላል፦ “በዚህ ዋጋ ድንጋይ አለው፤ በዚህኛው የለውም፤ ያለ ድንጋይ የተሠራው ሙሌቱ ላይ ሊሰምጥ ይችላል።” ይህን የተናገረ ሰው ርካሹን ቢሠራም ሐቀኛ ነው፤ ባለቤቱም የመረጠውን ዐውቆ መርጦአል። ሥራው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ውሸት ግን የለበትም።

ሦስተኛው፦ “ሕግ አለ፤ የበደለ ይከሰስ” የሚል ነው። እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሕጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለአንድ በረንዳ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ወጪውና ድካሙ ከበረንዳው ሊበልጥበት ይችላል። ግንበኛውም በቃል ብቻ ተዋውሎ አገር ለቆ ከሄደ ማን ይጠየቃል? ሕግ የሚመጣው ስንጥቁ ከታየ በኋላ ነው። ስንጥቁ እንዳይመጣ የሚያደርገው ግን በሥራው ሰዓት ያለ ኅሊና ነው።

ምን እናድርግ?

ምክር ያለ ተግባር ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ነገር እንጨምር።

ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ግንበኛው ከዚህ ቀደም የሠራውን፣ ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ወለል እንይ። አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራልና አይመሰክርም። ውሉን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በሁለት ቅጂ እንጻፈው፤ የድንጋዩ ልክ፣ የኮንክሪቱ ውፍረት፣ የሲሚንቶው መጠን፣ ውሃው የሚወርድበት አቅጣጫ ይግባበት። ጽሕፈት አለመተማመን አይደለም፤ ሁለቱም የሰሙትን አንድ ዓይነት እንዲያስታውሱ የሚያደርግ ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አንስጥ፤ አንከልክልም። ሙሌቱ ሲያልቅ፣ ድንጋዩ ሲደረደር፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ እየተባለ በደረጃ ይከፈል። ሥራው አልቆ ጉድለት ሳይኖር የመጨረሻውን ክፍያ “ነገ ና” እያሉ ማመላለስ ደግሞ ሌላው ዓይነት ስርቆት ነው። ሥራው ከመሸፈኑ በፊት በየደረጃው እንገኝ፤ ስንገኝም እንደ ሰላይ ሳይሆን ቡና ይዘን ይሁን። ማታ ደግሞ ሠራተኞቹ ተከፍሎአቸው እንደ ሆነ እንጠይቅ። ዶማ ከማንሣታችን በፊትም ከታች ያለውን ጎረቤት ጠርተን “ውሃው በየት ይውረድ?” ብለን እንማከር፤ ቦዩ በጋራ ከተቆፈረ ጠብ አይኖርም።

ስለ አሮጌውና አዲሱ ወለል መገናኛም ልንናገር ይገባል። አሮጌው በረንዳ ለዓመታት ተረግጦ ወደ ቦታው ገብቶአል። አዲሱ ገና በሙሌት ላይ ስለ ሆነ ትንሽም ቢሆን መውረዱ አይቀርም። ዐዋቂ ግንበኛ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መለያ መሥመር ይተዋል። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ “አንድ ወጥ አድርግልኝ፣ ስፌቱ አይታየኝ” ይላል። ግንበኛውም ደስ ሊያሰኘው በሊሾ ይሸፍነዋል። ከአንድ ክረምት በኋላ ሊሾው ራሱ በፈለገው በኩል ጠማማ ስንጥቅ ይከፍታል። ያልነበረን አንድነት እንዲያስመስል ግንበኛውን ያስገደድነው እኛ ሆነን ሳለ ተወቃሹ እርሱ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳ አንድ ሥራ አለ። ግንበኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ አዲሱ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ጉልበቱ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት ለአንድ ቀን ቢረሳ እንኳ ይጎዳል። በደሴ ብርድ ደግሞ መጠንከሩ ስለሚዘገይ በቶሎ ዕቃ አይጫንበትም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። ይህ ውሃ የማጠጣት ሥራ የባለቤቱ ነው። እርሱም ማንም የማያየው ሥራ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰልችቶት ቢተወው የሚያውቅበት የለም፤ ወለሉ ሲሰነጠቅም “ግንበኛው አበላሸው” ብሎ ቢያወራ የሚታመነው እርሱ ነው። እንግዲህ የጊጌስ ቀለበት በግንበኛው ጣት ላይ ብቻ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ለባለቤቱ ይተላለፋል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከእኛ መካከል አንዳንዱ ነገ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳንዱ መምህር፣ አንዳንዷ ነርስ ትሆናለች። በየሥራችን ከሲሚንቶ በታች የሚቀር ነገር አለን፤ ማንም የማይከፍተው ፋይል፣ ማንም የማይቆጥረው መድኃኒት፣ ማንም የማያርመው ደብተር። ሥራ ተቀባይ ስንሆን “ከሥሩ ምን አለ?” ብለን በአክብሮት እንጠይቅ፤ የሚገባውንም ዋጋ እንክፈል። ሥራ ሰጪ ስንሆን ያልተጠየቅነውን ጉድለት ሳንደብቅ እንናገር። በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ሠራተኛና ከታች ያለው ጎረቤት በውሉ ላይ ባይፈርሙም እንደ ፈረሙ አድርገን እንቁጠራቸው። በአርእስቱ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ከሲሚንቶው በታች ያለው ሥራ የሠራውም፣ ያሠራውም፣ ዐይቶ ዝም ያለውም ነው። ሁላችንም የምንቆመው በእርሱ ላይ ነውና።